ሰርተፊኬታችሁ እንዳይቃጠል፦ ከጎጃም ሆኖ የሳይበር ደህንነት ክሬዲት መሰብሰብ

እንደ ሴኪዩሪቲ ፕላስ (Security+) ወይም ሲሳ (CISA) ያለ የኮምፒውተር ደህንነትና ቁጥጥር የሙያ ፈተና ያለፈ ሰው ደስታው ሳያልቅ ሰርተፊኬቱን አገላብጦ ቢያይ ጥሩ ነው። የማብቂያ ቀን አለው። በመሃል ምንም ካልተደረገ ያ ሁሉ የሌሊት ጥናት፣ በስንት ልመና የተገኘው ዶላር፣ ለፈተና የተሄደው መንገድ ሁሉ አብሮ ይቃጠላል። እንዳይቃጠል ክሬዲት፣ ማለትም ተከታታይ ትምህርት ለመከታተል የሚሰጥ ነጥብ፣ እየሰበሰቡ ማሳደስ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ እንደገና መፈተን ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የገንዘብ ተቋም የሲስተም ደህንነት ላይ እሠራለሁ። ሴኪዩሪቲ ፕላስና ሲሳ አለኝ፤ ሁለቱንም አድሻለሁ። ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከእንጅባራ የሚደውሉልኝ የሙያ ልጆች የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «እዚህ ሆኜ ክሬዲት ከየት አመጣለሁ? ኮንፈረንስ የለ፣ ሥልጠና የለ።» እኔ ግን እላችኋለሁ፣ አብዛኛው ሰው ክሬዲቱን አግኝቶታል። ተምሯል፣ አስተምሯል፣ ዌቢናር (በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት) አይቷል። የጎደለው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ይህን ስታነቡ ከሁሉ በላይ ማስረጃ አያያዙን ልብ በሉልኝ።

ስንት ነው የሚጠበቅብን?

እንደ ሰርተፊኬቱ ይለያያል። ኮምፕቲያ (CompTIA) የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው ሴኪዩሪቲ ፕላስ በሦስት ዓመት 50 ክሬዲት ይፈልጋል። የእሱው ኔትወርክ ፕላስ 30፣ ኤ ፕላስ 20፣ ሳይሳ ፕላስ (CySA+) 60። አይኤስሲ ቱ (ISC2) የሚባለው ድርጅት ሲአይኤስኤስፒ (CISSP) በሦስት ዓመት 120 ነው፤ ከዚህ ውስጥ 90ው በቀጥታ ከደህንነት ሙያ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፣ 30ው እንደ አመራርና ንግግር ችሎታ ካለ አጠቃላይ የሙያ ትምህርት ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች የወሰዱት የአይኤስሲ ቱ ሲሲ (CC) 45 ነው። አይሳካ (ISACA) የሚሰጣቸው ሲሳና ሲዝም (CISM) 120፣ የኢሲ ካውንስሉ ሲኢኤችም (CEH) 120። የሲስኮው ሲሲኤንኤ 30።

የክሬዲቱ ስም እንደ ሰጪው ድርጅት ሲኢዩ፣ ሲፒኢ፣ ኢሲኢ ይባላል። እኔ ሁሉንም ክሬዲት እላቸዋለሁ። በደምሳሳው የአንድ ሰዓት ትምህርት አንድ ክሬዲት ነው። አይሳካ እንዲያውም 50 ደቂቃውን እንደ አንድ ይቆጥራል።

እስቲ በወር እናስላው። ለሴኪዩሪቲ ፕላስ በወር አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ ጊዜ ነው። ለ120ው ደግሞ በወር ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። እንደ እቁብ በየጊዜው ጣል ጣል ካደረጋችሁት አይከብድም። ሦስተኛው ዓመት ላይ በአንዴ ልክፈል ያለ ሰው ግን ይጨነቃል። ሲሳና ሲዝም ላይማ ከነጭራሹ አይቻልም፤ አይሳካ በየዓመቱ ቢያንስ 20 እንዲገባ ያስገድዳል።

የአይሳካ ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ነው። በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል፣ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው። ያኔ ሰው ሁሉ ለበዓል ወደየአገሩ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። እኔ ኅዳር ሳያልቅ እጨርሰዋለሁ። ኮምፕቲያ ግን የሚቆጥረው ካለፋችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። በማርች 10 ቀን 2024 ያለፈ ሰው እስከ ማርች 10 ቀን 2027 ጊዜ አለው፤ በእኛ ከመጋቢት 1 ቀን 2016 እስከ መጋቢት 1 ቀን 2019 ማለት ነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ስድስት ወር ሲቀረው እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ።

ማስረጃ

አንድ ማስረጃ አምስት ነገር መያዝ አለበት። ስማችሁን፣ የትምህርቱን ርእስ፣ ቀኑን፣ የፈጀውን ሰዓት፣ የሰጠውን ተቋም። አንዱ ከጎደለ መርማሪው ሊጥለው ይችላል። መርማሪ ስል እንዳትደነግጡ። እነዚህ ድርጅቶች ከአባላት መካከል እየመረጡ «ያስመዘገብከውን አሳየን» ይላሉ። ስለዚህ አይሳካም ሆነ አይኤስሲ ቱ ዙሩ (የሦስት ዓመቱ ጊዜ) ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማስረጃውን እንድታስቀምጡ ይጠይቃሉ።

ስም ላይ እኛ የራሳችን ጣጣ አለብን። ጌትነት የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ኢሜይል ላይ ሌላ፣ ዌቢናር ሲመዘገቡ ደግሞ «ጌቹ»። በዚያ ላይ አንዱ ጋ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ጋ የለም። ስለዚህ ፈተናውን የተፈተናችሁበትን ስም፣ ፊደሉን ሳትለውጡ፣ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። የትም ስትመዘገቡ እሱኑ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ።

አቀማመጡን ደግሞ ቀላል አድርጉት። አንድ ፎልደር ለአንድ ሰርተፊኬት። ፋይሉ ሲሰየም መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ ከዚያ ርእሱ፣ መጨረሻ ላይ ሰዓቱ። እንዲህ ከሰየማችሁት ራሱ በቀን ተራ ይሰለፋል፤ ፋይሉን ሳትከፍቱ መደመር ትችላላችሁ። አንዱን ኮፒ ጉግል ድራይቭ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ። ዌቢናሩ እንዳለቀ ሰርተፊኬቱን እዚያው አውርዱት። «ነገ አወርደዋለሁ» ያለ ሰው ነገ ሊንኩ አይሠራለትም፣ ወይም ኔትወርክ የለም። ክሬዲት የሚመዘገብበት የሰጪው ድርጅት ድረ ገጽ (ፖርታሉ) ላይም የዚያኑ ሳምንት አስገቡት።

ዌቢናር፣ እና የአሜሪካ ሰዓት

ነፃ ክሬዲት በብዛት የሚገኘው ከዌቢናር ነው። አይኤስሲ ቱ ለአባላቱ ያዘጋጃል። አይሳካም ለአባላቱ በነፃ የሚሰጣቸው አሉት። ሳንስ (SANS) የተባለው የደህንነት ማሠልጠኛ ተቋም የሚያቀርባቸውን ዌብካስቶች ማንም ተመዝግቦ ማየት ይችላል። ብራይትቶክ በተባለው የዌቢናር ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ብዙ ድርጅቶች ያቀርባሉ። ቀጥታ ያመለጣችሁን ቅጂውን ማየት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቆጠራል።

የሚያምታታው ሰዓቱ ነው። ማስታወቂያው «1 ፒኤም ኢስተርን» ይላል። ይህ የምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ነው፤ በእነሱ በጋ ወራት ለእኛ ማታ 2 ሰዓት ይሆናል። በክረምታቸው ግን ማታ 3 ሰዓት ይሆናል፤ ምክንያቱም እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያዛውራሉ፣ እኛ አናዛውርም። ለውጡ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢና መጋቢት መግቢያ ላይ ነው። ለእኔ ማታ ይመቸኛል። እራት ተበልቶ፣ ልጆች ተኝተው፣ የሰው ሁሉ ስልክ ረገብ ሲል ኔትወርኩም ቀለል ይላል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ይዘቱን እዩት። ኮምፕቲያ ከትምህርቱ ቢያንስ ግማሹ ከፈተናችሁ የርእሶች ዝርዝር ጋር የሚገናኝ መሆን አለበት ይላል። አንዳንዱ ዌቢናር ከአርባ ደቂቃው ሠላሳው የዕቃ ማስታወቂያ ነው። እሱን እለፉት። ስለ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ምላሽ፣ ስለ ክላውድ አሠራር፣ ስለ ሲስተም መዝገብ (ሎግ) ትንተና የሚያወራውን ምረጡ፤ በማግስቱ ሥራችሁ ላይ ይጠቅማችኋል።

በቡድን ለምታዩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አራት አምስት ሆኖ በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ዳታ መመልከት ጥሩ ልማድ ነው፣ ክርክሩም ደስ ይላል። ነገር ግን ክሬዲቱ የሚሄደው ለገባው አካውንት ብቻ ነው። ሌሎቻችሁ ሰርተፊኬት አይደርሳችሁም። ሁላችሁም በየስልካችሁ በየስማችሁ ግቡ። ዳታ ከሌለ ደግሞ በየተራ ሁኑ፤ በዚህ ሳምንት የአንዱ፣ በሚቀጥለው የሌላው።

ማስተማር ትልቁ በር ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎጃም ውስጥ ላለ ባለሙያ ከዌቢናርም ከኮንፈረንስም የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አካባቢያችን ሙያውን ተጠምቷል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች ኮምፒውተር ላይ ገብተዋል፤ የሚያስተምራቸው ግን የለም። እናንተ ስታስተምሩ እነሱም ይጠቀማሉ፣ ለእናንተም ይቆጠርላችኋል።

አሰላሉን እዩት። አይሳካ ላይ አዲስ ያዘጋጃችሁትን ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታቀርቡ ሰዓቱ በአምስት ይባዛል። የሁለት ሰዓት ሥልጠና 10 ክሬዲት ነው፤ የዝግጅቱን ድካም ታሳቢ አድርገው ነው። ያንኑ ለሁለተኛ ጊዜ ሌላ ቦታ ስትሰጡ የሰዓቱን ያህል ብቻ፣ ሁለት። ከዚያ በኋላ ይዘቱን በደንብ ካልለወጣችሁት አይቆጠርም። ኮምፕቲያም አይኤስሲ ቱም ማስተማርን ይቀበላሉ፤ አቆጣጠራቸው የተለየ ነው፣ ትምህርቱ ከፈተናው ዝርዝር ጋር መገናኘቱንም ማሳየት አለባችሁ። አንዱ ሥልጠና ለሁለት ሰርተፊኬት ማገልገል ይችላል።

በጥቅምት 2017፣ አገሪቱ የሳይበር ደህንነት ወርን በምታከብርበት ሰሞን፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለአንድ ማኅበር የቁጥጥርና የሒሳብ ሠራተኞች ሥልጠና ሰጠሁ። ርእሱ ክፍያ የሚያዘውና የሚፈጽመው ሰው ለምን አንድ መሆን እንደሌለበት፣ የይለፍ ቃል አያያዝ፣ እና በስልክ የሚመጣ ማጭበርበር ነበር። ገና ከመጀመሬ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ቀረ፣ ፍሊፕ ቻርት መጣ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አንጋፋ የሒሳብ ሠራተኛ ስልካቸውን አወጡና «ልጄ፣ ይኸው እኮ፣ ትናንት ማታ የመጣልኝ» ብለው ሰጡኝ። አካውንትዎ ሊዘጋ ስለሆነ በዚህ ሊንክ ገብተው የምስጢር ቁጥርዎን ያስገቡ ይላል። ሊንኩን ፍሊፕ ቻርቱ ላይ በትልቁ ጻፍኩትና ፊደል በፊደል አነበብነው። የባንኩ ስም ውስጥ አንዷ ፊደል ሁለት ጊዜ ገብታለች። ከኋላ የተቀመጠው ወጣት ኦዲተር ቀድሞ አያት። ከዚያ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ የራሱን መልእክት ማገላበጥ ጀመረ። ካዘጋጀሁት ስላይድ ሁሉ የበለጠ ያስተማረው ያ ነው።

ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁን ጋሼን ደብዳቤ ጠየቅኳቸው። ጸሐፊዋ ወዲያው ጽፋ አመጣች። «ላደረጉልን ትብብር ከልብ እናመሰግናለን» ይላል፣ ማኅተምም አለው። ርእስ የለውም። ሰዓት የለውም። ቀኑ 12/02/2017 ነው። አሁን ይህን ደብዳቤ አሜሪካ የተቀመጠ መርማሪ ያንብበው። ፌብሩዋሪ ወይም ዲሴምበር 2017 ብሎ ነው የሚያነበው። ከዙሬ ብዙ ዓመት ቀድሞ የተደረገ ሥልጠና ይመስለዋል፤ ይጥለዋል። ጋሼን «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» ብዬ ምክንያቱን ሳስረዳቸው «ምን ችግር አለው፣ አንቺው ንገሪያትና እንደገና ትጻፈው» አሉ። በእንግሊዝኛ፣ የሥልጠናው ርእስ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው እንደተሳተፈ፣ ቀኑ ኦክቶበር 22 ቀን 2024፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ተጽፎ። ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር፤ «ከ3 እስከ 5 ሰዓት» ካላችሁት ሌሊት ያስተማራችሁ ይመስላል። የተሳታፊዎችን የፊርማ ወረቀትም ፎቶ አንስቼ አያይዤዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የደብዳቤውን ረቂቅ ራሴ አዘጋጅቼ ነው የምሄደው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጸሐፊዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ ሥራ ይቀንስላቸዋል።

ለርእስ አትቸገሩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ብቻ ለደንበኛ መረጃ አያያዝ ትልቅ ትምህርት ይወጣቸዋል። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ተማሪዎች እንግዳ ባለሙያ ሲመጣላቸው ይወዳሉ። የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሉን አነጋግሩ።

የማይቆጠረውን እወቁ

የዕለት ተዕለት ሥራችሁ ባጠቃላይ ክሬዲት አይሆንም። ኮምፕቲያ በሙያው መሥራትን በየዓመቱ ለጥቂት ክሬዲት ይቀበለዋል፣ ግን ጣሪያ አለው፣ የአሠሪ ደብዳቤም ይፈልጋል። አይሳካ የተለመደውን የቢሮ ሥራ አይቆጥርም። ሲስኮ ደግሞ ሁሉንም ነገር አይቀበልም፤ አስቀድሞ ያጸደቃቸውን ኮርሶች ብቻ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ የፍኖተ ሰላሙ ዓይነት ሥልጠና ለሲሲኤንኤ አይረዳም። ሲሲኤንኤ ያላችሁ ሲስኮ አልፎ አልፎ በነፃ የሚከፍታቸውን ኮርሶች ጠብቁ።

ሌላ ሰርተፊኬት መውሰድ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ አንድ አቋራጭ አለ። ሳይሳ ፕላስን ያለፈ ሰው ከሥሩ ያሉት ሴኪዩሪቲ ፕላስ፣ ኔትወርክ ፕላስና ኤ ፕላስ አብረው ይታደሱለታል። ግን የሴኪዩሪቲ ፕላሱ ጊዜ ሳያልፍ ነው ማለፍ ያለበት።

ኔትወርክ ሲጠፋ

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙ ልጅ ዙሩ መሃል ላይ ነበር። የክሬዲት ሰዓት ግን አይቆምም፣ መቁጠሩን ይቀጥላል። እኔ ከዚያ የያዝኩት ልማድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሚያስፈልገው በላይ ማስገባት ነው። ለሴኪዩሪቲ ፕላስ በሁለት ዓመት 40 ካለኝ ሦስተኛው ዓመት ላይ ምንም ቢመጣ 10 ነው የሚጎድለኝ።

ኔትወርክ ሲኖር ማውረድ ተለማመዱ። ፖድካስት ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ይበላል። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ማዳመጥ ይቻላል። አይኤስሲ ቱ ፖድካስት ይቀበላል፤ ርእሱን፣ ቀኑን፣ ርዝመቱንና ምን እንደተማራችሁ በጥቂት መስመር መዝግቡ። ኮምፕቲያና አይሳካ ላይ ግን የማጠናቀቂያ ወረቀት ያለው ትምህርት ብትመርጡ ይሻላል።

ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ከገጠማችሁ፣ ሕመምም ይሁን የግንኙነት መቋረጥ፣ ጊዜው ከማለፉ በፊት ጻፉላቸው። ሁኔታውን፣ የጀመረበትን ቀን፣ ያላችሁን ክሬዲት ግለጹ። የመስሪያ ቤት ደብዳቤ አያይዙ። ሁልጊዜ እሺ ይላሉ ማለት አይደለም፤ ግን ካለፈ በኋላ ከመለመን በጣም ይሻላል። ስልክ ብቻ እየሠራ ከሆነ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ኢሜይሉን ይጻፍላችሁ፤ የይለፍ ቃላችሁን ግን ለማንም እንዳትሰጡ።

ዶላሩ

ክሬዲት ሞልቶ ክፍያ ከጎደለ አይታደስም። ለሴኪዩሪቲ ፕላስ በዓመት 50 ዶላር ነው። ሲአይኤስኤስፒ 135፣ ሲሲ 50፣ ሲኢኤች 80። ሲሳ ለአይሳካ አባል 45፣ አባል ላልሆነ 85። ዋጋው ሊቀየር ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት አካውንታችሁ ላይ ያለውን እዩ። በዓለም አቀፍ ካርድ ነው የሚከፈለው። ባንካችሁን የውጭ ክፍያ ካርድ እንዳለው ጠይቁ፤ የሰርተፊኬቱን የክፍያ መጠየቂያ አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መስሪያ ቤታችሁም የሥልጠና በጀት ካለው በዕቅድ ሰሞን፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ በጽሑፍ አስይዙት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲገባ ገንዘቡ ይኖራል። ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ደረሰኙ ከፋይሎቻችሁ ጋር ይቀመጥ።

ቴሌግራም ላይ «ክሬዲት እንሞላለን፣ ሰርተፊኬት እናድሳለን» የሚሉ አሉ። እባካችሁ አትጠጉ። ሐሰተኛ የዌቢናር ወረቀት ሠርተው አካውንታችሁን ተቀብለው ይገባሉ። ከተደረሰበት የምታጡት ክሬዲቱን ብቻ አይደለም፤ ሰርተፊኬቱ ራሱ ይሰረዛል፣ ሁላችሁም የፈረማችሁት የሥነ ምግባር ደንብ ነው። የሰው ገንዘብ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። የቀበሌ እናት ቁጠባቸውን ያስቀመጡት እኛ እናውቃለን ብለው ነው። ባልተማርነው ትምህርት ተማርን ብለን መፈረም አይገባንም።

ዙራችሁ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ፖርታሉን ከፍታችሁ ያስገባችሁት ሁሉ «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ምልክት እንዳለው አንድ በአንድ እዩ። በመጠባበቅ ላይ ያለ ካለ ወረቀቱን እንደገና አያይዙ። ክፍያውን ፈጽሙ። አዲሱ የማብቂያ ቀን ሲወጣ አዲሱን ሰርተፊኬት አውርዱና ኮፒውን ለሰው ኃይል ክፍላችሁ ስጡ። የድሮውን ዙር ፎልደር ግን አታጥፉት፤ አንድ ዓመት ገና ይቀረዋል።